ለቃር የሚታኘክ ክኒን፦ የአንባቢያን ጥያቄና የፋርማሲስቶች መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች የበዙት ስለ ቃርና ስለ ጨጓራ የሚጠይቁ ናቸው። ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ አንድ መድኃኒት ላይ ስለሚገናኙ በአንድነት ልንመልሳቸው ወደድን። መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠው፣ ነጭና ትልልቅ፣ ብዙ ጊዜ ናና ናና የሚለው የሚታኘክ ክኒን ነው።

ከፒያሳ፦ «ወርቅ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ምሳ የምበላው በጥድፊያ ነው፤ ከበላሁ በኋላ ደረቴ መሃል ያቃጥለኛል፣ ጎምዛዛ ውሃ ወደ ጉሮሮዬ ይመጣብኛል። የሚታኘክ የተባለውን ክኒን ገዝቼ ምግብ ሲቀርብ አንድ ፍሬ በውሃ ዋጥ አደርጋለሁ። ለውጥ ግን የለም። ክኒኑ የማይረባ ነው ወይስ በሽታዬ ሌላ ነው?»

የነገሩን ምልክት የቃር ምልክት ነው፤ ክኒኑም የማይረባ አይመስለንም። የተሳሳተው አወሳሰዱ ነው። መታኘክ ሲገባው ውጠውታል፤ ሰዓቱም አይደለም።

አንታሲድ የሚባለው ይህ መድኃኒት ወደ ደም ገብቶ የሚሠራ አይደለም። ሥራው ጨጓራ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ ኃይሉን መስበር ነው። ክኒኑ በደቀቀ መጠን አሲዱን የሚነካው ገጽ ይሰፋል። ሳይታኘክ የተዋጠ ክኒን እንደ ጠጠር ጨጓራ ውስጥ ይቀመጥና ዳር ዳሩን ብቻ ሟሙቶ፣ ቀሪው ሳይሠራ ወደ አንጀት ያልፋል።

አንድ ፍሬ ብቻ አፍዎ ውስጥ ያድርጉ፤ ሁለት የሚወስዱ ከሆነ ሁለተኛው ተራውን ይጠብቅ። በመንጋጋዎ ሰብረው፣ ዱቄት ዱቄት ማለቱ ቀርቶ ከምራቅ ጋር እንደ ወፍራም አጥሚት እስኪሆን ያኝኩት። ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ አይገርምም። ከዋጡት በኋላ ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይከተሉበት፤ ጥርስና ጉሮሮ ላይ የቀረውን ጠርጎ ያወርደዋል። በቡና ወይም በብርቱካን ጭማቂ ማውረድ ለቃሩ ሌላ ምክንያት መጨመር ነው።

ሰዓቱም ምክንያት አለው። ባዶ ጨጓራ ያገኘውን ቶሎ ወደ አንጀት ስለሚያወርድ፣ በባዶ ሆድ የተወሰደ አንታሲድ የሚቆየው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው። ምግብ ያለበት ጨጓራ ግን ቀስ ብሎ ስለሚያወርድ እስከ 3 ሰዓት ሊያገለግል ይችላል። በልተው እንደጨረሱ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ደግሞ ምግቡ ራሱ አሲዱን ስለሚያረግበው ክኒኑ ብዙም ሥራ የለውም። ምሳዎን 7 ሰዓት ላይ ከጨረሱ 8 ሰዓት ላይ ይውሰዱት። ማታ የሚነሳብዎ ከሆነ ከመኝታ በፊት አንድ ጊዜ ይጨምሩ።

መጠኑ እንደ ክኒኑ ዓይነት ይለያያል። ማግኒዥየም ትራይሲሊኬት 250 ሚሊ ግራምና አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ 120 ሚሊ ግራም በአንድነት የያዘው የተለመደው ክኒን ሲያስፈልግ ከ1 እስከ 2 ፍሬ ይታኘካል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እንላለን። መድኃኒት ቤት ውስጥ እሽጉ በመቀስ ተቆርጦ ሲሸጥ፣ ስሙና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ያለበት ጎን ለሌላ ሰው ይሄዳል። የሚይዘውን ንጥረ ነገር፣ መጠኑንና ማብቂያ ቀኑን በወረቀት ጽፈው እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ከዚህ በታች እንደምናየው፣ ከስሙ ይልቅ የውስጡ ንጥረ ነገር ነው ጉዳዩ።

በጥድፊያ ያሉት ምሳም ዝም የሚባል አይደለም። ሲቸኩሉ አብሮ የሚዋጠው አየር ጨጓራን ይነፋል፤ የተነፋ ጨጓራ ከላይ ያለውን መዝጊያ ጡንቻ ይገፋና አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል። ቀበቶ አጥብቆ ጎንበስ ብሎ መሥራትም እንደዚያው ነው።

ከካዛንቺስ፦ «አንዱ ክኒን ሆዴን ያደርቀዋል፤ በሌላ ብቀይረው ደግሞ ተቅማጥ ያዘኝ። የቱን ልውሰድ?»

ካልሲየምና አሉሚኒየም ያደርቃሉ፣ ማግኒዥየም ያላላል። ብዙ ፋብሪካዎች አሉሚኒየምና ማግኒዥየምን የሚያዋህዱት አንዱ የሌላውን ጠባይ እንዲያርም ነው፤ ሆኖም በሁሉም ሰው እኩል አይመጣጠንም። ሆድዎ በተፈጥሮው የሚደርቅ ከሆነ ማግኒዥየም የሚያመዝንበትን፣ ቶሎ የሚላላ ከሆነ ካልሲየም ካርቦኔት ያለበትን ይምረጡ። ካልሲየም ካርቦኔት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚፈጥር ያስገሳል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ዋናው ችግርዎ መነፋት ከሆነ ሲሜቲኮን የተጨመረበት እንዳለ ይጠይቁ፤ ትናንሾቹን የአየር አረፋዎች አሰባስቦ በግሳት እንዲወጡ ያግዛል። ኩላሊት የታመመ ሰው ግን ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ያለባቸውን ሐኪሙን ሳያማክር አይንካ፤ ኩላሊቱ ሊያስወጣቸው ስለማይችል ሰውነት ውስጥ ይከማቻሉ።

ከአራት ኪሎ፦ «እናቴ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ሌቮታይሮክሲን በየቀኑ ትወስዳለች። ደሟም አነስተኛ ነው ተብሎ የብረት ክኒን ታዞላታል። አሁን ደግሞ ለሽንት ኢንፌክሽን ሲፕሮፍሎክሳሲን ጀመረች። ጨጓራዋን ስለሚያማት የሚታኘከውን ክኒን ሁሉንም ከዋጠች በኋላ ወዲያው እሰጣታለሁ፤ ‹መድኃኒቱ ጨጓራዋን እንዳይጎዳት› ብዬ ነው። ልክ ነኝ?»

እናትዎን ለማሳረፍ የሚያደርጉት መሆኑን እንረዳለን፤ ይህን ልማድ ግን ከዛሬ ጀምሮ እንዲተዉት እንለምናለን። በብዙ ቤት የሚደረግ ስሕተት ስለሆነ በሰፊው እንመልሰዋለን።

በአንታሲድ ውስጥ ያሉት ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና አሉሚኒየም አንዳንድ መድኃኒቶችን አንጀት ውስጥ አስረው ያስቀሯቸዋል። የታሰረው መድኃኒት ወደ ደም ሳይገባ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሕመምተኛው በሰዓቱ እየዋጠ ነው፤ ሰውነቱ ግን አላገኘውም። በተለይ በሲፕሮፍሎክሳሲን ላይ ይህ ከባድ ነው፦ ኢንፌክሽኑ አይድንም፣ ጀርሙም ትንሽ ትንሽ መድኃኒት እየቀመሰ ይለምደዋል።

ሲፕሮፍሎክሳሲን ከአንታሲዱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ይወሰዳል። ሌቮታይሮክሲን ከአንታሲድም ከብረትም ቢያንስ 4 ሰዓት መራቅ አለበት። ብረትና አንታሲድ ቢያንስ 2 ሰዓት ይራራቁ። ብረቱ ከሲፕሮፍሎክሳሲንም ጋር ይታሰራል፤ ስለዚህ ሐኪሟ ከፈቀዱ ፀረ ተሕዋስያኑ እስኪያልቅ ድረስ ብረቱን ማቆየት ነገሩን በጣም ያቀልለዋል። በስልክ ደውለው ይጠይቋቸው።

ብረቱ ለጊዜው ከቆመ ቀኑ እንዲህ ሊደረደር ይችላል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ በውሃ፤ ቁርስ ከ1 ሰዓት በኋላ። 2 ሰዓት ላይ የጠዋቱ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ያለ ወተትና ያለ እርጎ። ምሳ 7 ሰዓት፤ ጨጓራዋ ካመማት አንታሲዱን 8 ሰዓት ላይ ታኝካለች። የማታውን ሲፕሮፍሎክሳሲን 2 ሰዓት ላይ ስትወስድ ከአንታሲዱ ልክ 6 ሰዓት ይሆነዋል። ሌሊት ካስፈለጋት 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ አንድ ጊዜ ልትደግም ትችላለች። ይህን በካርቶን ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉላት።

የሌሎች አንባቢዎችን ጉዳይ ስለሚነካ ጥቂት እንጨምር። ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊንም በአንታሲድ ስለሚታሰሩ 2 ሰዓት ቀድመው ይወሰዱ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚዱን ከአንታሲዱ ቢያንስ 1 ሰዓት ቀድመው ይውሰዱ። ዶሉቴግራቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ አሉሚኒየም ወይም ማግኒዥየም ካለበት አንታሲድ 2 ሰዓት ቀድመው ወይም 6 ሰዓት ዘግይተው ይውሰዱት። ካልሲየም ብቻ ያለበት ከሆነ ከምግብ ጋር አንድ ላይ መወሰድ ይችላል፤ በባዶ ሆድ ግን አይሆንም። ለሆድ ድርቀት የሚሰጠው ቢሳኮዲል ሽፋኑ አንጀት ደርሶ እንዲሟሟ የተሠራ ነው፤ አንታሲድ ሲቀላቀልበት ጨጓራ ላይ ይፈታና ቁርጠት ያመጣል።

ከልደታ፦ «የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ማታ ማታ ቃር አላስተኛ ብሎኛል። ‹ሕፃኑ ፀጉር ስላወጣ ነው› ይሉኛል። የሚታኘከውን መውሰድ እችላለሁ?»

ይችላሉ። በእርግዝና ጊዜ የሚጨምረው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን በጨጓራና በምግብ ቧንቧ መካከል ያለውን መዝጊያ ጡንቻ ያላላዋል፤ ማሕፀኑም ከታች ወደ ላይ ይገፋል። ከወለዱ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ለእርስዎ የምንመርጠው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። 500 ሚሊ ግራም የሆነው አንድ ፍሬ 200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይሰጣል። ሲነሳብዎ ከ1 እስከ 2 ፍሬ ያኝኩ፤ በ24 ሰዓት ከ10 ፍሬ ፈጽሞ እንዳያልፉ። ወደዚያ ቁጥር መቅረብ ከጀመሩ ለክትትል ሲሄዱ ይናገሩ። በጤና ጣቢያ የካልሲየም ክኒን ለብቻው ተሰጥቶዎት ከሆነም ስለ ድምሩ ይጠይቁ። ሶዲየም ባይካርቦኔት ያለበትን ግን ይተዉት፤ ጨዉ ውሃ ይይዛል።

ለእርግዝና የተሰጠዎትን የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ማታ ከመኝታ በፊት የሚወስዱ ከሆነ ከአንታሲዱ ጋር እየተጋጨ ነው ማለት ነው። ብረቱን ወደ ጠዋት ያዙሩት።

ማታውን ለማቅለል እራት ከመኝታ 3 ሰዓት ቀደም ብሎ ይሁን። በግራ ጎንዎ ይተኙ፤ በዚህ በኩል ጨጓራው ከምግብ ቧንቧው አፍ ዝቅ ይላል። ትራስ መደራረብ አንገትን ብቻ አጥፎ ሆድን ስለሚጨምቅ አይረዳም። በአልጋው ራስጌ በኩል ካሉት ሁለት እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ እንጨት ወይም ብሎኬት ያስገቡ፤ እንዳይንሸራተት አረጋግጠው።

አሁን የምንለውን ግን በደንብ ያንብቡልን። ከአምስተኛው ወር በኋላ ከጎድን አጥንት ሥር፣ በተለይ በቀኝ በኩል የሚሰማ ከባድ ሕመም፣ ከራስ ምታት፣ ከዓይን መደብዘዝ ወይም ከፊትና ከእጅ ማበጥ ጋር ከመጣ ቃር ነው ብለው ክኒን አያኝኩ። ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። ስለ ሕፃኑ ፀጉር የሚባለው ወግ ነው፤ አያስጨንቅዎ።

ከጊዮርጊስ አካባቢ፦ «ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ከሰዓት በፊት ጨጓራዬ ይፋጃል፤ ስፈታ ደግሞ ቃር ይነሳብኛል። በፋሲካ ሌሊትማ አይነሳ! ሐኪም ኦሜፕራዞልም አዞልኛል። መቼ መቼ ልውሰድ?»

በጾም ሰዓት መድኃኒት ስለመውሰድ የሚፈቅዱት የንስሐ አባትዎ ናቸው፤ እኛ የምንነግርዎት መድኃኒቱ መቼ እንደሚሠራ ነው።

የሚታኘከው ክኒን በባዶ ሆድ ከ40 ደቂቃ ያለፈ ስለማይቆይ ረፋድ ላይ ቢያኝኩት ትርፉ ጥቂት ነው። 9 ሰዓት ላይ ፈትተው 9 ሰዓት ተኩል ከጨረሱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ያኝኩ። ኦሜፕራዞል ግን ጠባዩ ሌላ ነው። አሲድ የሚያመርተውን የጨጓራ ሴል ይዘጋል፤ ስለዚህ ከምግብ 30 ደቂቃ ቀድሞ መዋጥ አለበት፤ ሙሉ ኃይሉን ለማሳየትም ከ1 እስከ 4 ቀን ይፈጅበታል። እሱ ደግሞ አይታኘክም፤ ከታኘከ አሲዱ ያበላሸዋል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሌላ ማዕድ የሚበሉ ከሆነ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቢውጡት ከጾሙም ከሕክምናውም አይጋጭም።

ሲፈቱ ቀጥታ ወደ ሽሮ ወጥና ወደ ቡና አይሂዱ። ትንሽ የአጃ ሾርባ፣ ሙዝ ወይም የተልባ ውሃ ቀምሰው 20 ደቂቃ ይታገሡ፤ ከዚያ መጠነኛ ማዕድ። ቡናው ከማዕዱ በኋላ ይምጣ፤ አቦሉ ካቃጠለዎት ቶናና በረካውን ይለፏቸው። የፋሲካው ችግር ደግሞ ከ55 ቀን በኋላ ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ በሌሊት በልቶ ወዲያው መተኛት ነው። ቅባት ጨጓራ ቶሎ እንዳያወርድ ያደርገዋል፣ መዝጊያውን ጡንቻም ያላላል። በብዙ ቤት ተልባ የሚቀደመው ያለ ነገር አይደለም። ከዚያ አንድ እንቁላልና ጥቂት ወጥ ቀምሰው ቀሪውን ለነገ ምሳ ያቆዩት። ለዚያ ሌሊት አንድ ሁለት ፍሬ ክኒን ቤትዎ ቢኖር ጥሩ ነው።

ከስታዲየም አካባቢ፦ «ክኒን ከመግዛት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ፣ ወይም አምቦ ውሃ፣ ወይም ወተት አይሻልም?»

ቤኪንግ ሶዳ ሶዲየም ባይካርቦኔት ስለሆነ በእርግጥ አሲድ ይሰብራል፤ ፈጣንም ነው። ክፋቱ ጨዉ ነው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ 1,200 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከሚመክረው ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች ጋር ያስተያዩት። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው አይሞክረው። ሆድ እስኪወጠር ከተበላ በኋላም አደገኛ ነው፤ የሚፈጥረው ጋዝ ብዙ ስለሆነ ጨጓራን እስከመቅደድ ያደረሰበት አጋጣሚ በሕክምና ተመዝግቧል። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው፤ ሶዳውን የሚሰብር አሲድ አብሮ አለበት። አምቦ ውሃ ግሳት ያመጣል፣ ግሳቱም እፎይታ ይመስላል፤ ጋዙ ግን ጨጓራውን ስለሚነፋ ቃር ያለበትን ሰው ብዙ ጊዜ ያብስበታል። ወተት ለጥቂት ደቂቃ ያበርዳል፣ ከዚያ ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ጨጓራው ሌላ አሲድ እንዲያመርት ያነሳሱታል።

ከሜክሲኮ፦ «የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ላለፉት ሰባት ወራት በቀን አራት አምስት ፍሬ ሳላኝክ አልውልም። ወገቤን ስለሚያመኝ ዳይክሎፌናክ እወስዳለሁ፤ ሲብስብኝ በመርፌም እወጋለሁ። ዓምና በደም ምርመራ ‹የጨጓራ ባክቴሪያ አለብህ› ተብዬ መድኃኒት ጨርሼ ነበር፤ ዘንድሮም በደም ሲታይ አሁንም አለ አሉኝ። ምን ላድርግ?»

በቅድሚያ ዳይክሎፌናኩ። ጨጓራ የገዛ አሲዱ እንዳይበላው ግድግዳውን የሚለብስበት ሽፋን አለው፤ ሽፋኑን የሚያስጠብቀው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ሕመም የሚያስታግሡት ይህንኑ ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው። ስለዚህ በመርፌ ቢሆንም ጨጓራን ከመጉዳት አያመልጥም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በደም በኩል ነውና። የሚታኘከው ክኒን ከዚህ አይጠብቅዎትም። የሚያደርገው ሕመሙን ጋርዶ ቁስሉ ሳይታወቅ እንዲሰፋ ጊዜ መስጠት ነው፤ የእርስዎ ሁኔታ ያሳሰበንም ለዚህ ነው። ለወገብዎ ለጊዜው ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ከ1 እስከ 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይውሰዱ፤ በቀን ከ8 ፍሬ እንዳያልፍ። የጉበት ሕመም ካለብዎ ወይም መጠጥ የሚያዘወትሩ ከሆነ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ወንበርዎንም ወደ መሪው ጠጋ አድርገው፣ ወገብዎ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ያስገቡ።

ስለ ባክቴሪያው፦ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች እስኪያገኙት ድረስ የጨጓራ ቁስል በጭንቀትና በቅመም ይሳበብ ነበር፤ በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። በርበሬ ያለን ቁስል ይቆጠቁጣል እንጂ ቁስሉን አይፈጥረውም። የእርስዎ የደም ምርመራ የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተበትን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ ለዓመታትም ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ‹አሁንም አለ› የሚለው ውጤት ምንም አያረጋግጥም፤ በእሱ ተመርቶ ሌላ ዙር መድኃኒት መጀመር አይገባም።

የሚያስፈልግዎት ባክቴሪያው ራሱ መኖሩን የሚያሳየው፣ በሰገራ የሚደረገው የአንቲጂን ምርመራ ነው። ከምርመራው በፊት ለ2 ሳምንት ኦሜፕራዞልና መሰሎቹን፣ ለ4 ሳምንት ደግሞ ማንኛውንም ፀረ ተሕዋስያን አለመውሰድ ይጠይቃል፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው ተደብቆ ‹የለም› የሚል የሐሰት ውጤት ይወጣል። በእነዚያ 2 ሳምንታት ቃሩን ለማስታገስ የሚታኘከውን ክኒን መጠቀም ይችላሉ። ባክቴሪያው ካለ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም፣ አሞክሳሲሊን 1 ግራምና ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም ነው፤ ሁሉም በቀን 2 ጊዜ፣ ለ14 ቀን። ፔኒሲሊን የማይስማማዎ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ክላሪትሮማይሲን አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፤ ብዙ ሰው በአምስተኛው ቀን የሚያቋርጠው በዚህ ነው። የጀርሙ መላመድም ከዚያ ይጀምራል። ዓምና የወሰዱት የትኛው እንደነበር ወረቀቱ ካለዎት ይዘው ይሂዱ፤ ክላሪትሮማይሲን ከሆነ ሐኪሙ ሌላ ይመርጣል። መድኃኒቱን ከጨረሱ ከ4 ሳምንት በኋላ የሰገራውን ምርመራ ይድገሙ።

ሰባት ወር ሙሉ በየቀኑ ማኘክም በራሱ ጣጣ አለው። ካልሲየም ካርቦኔት የጨጓራን አሲድ መልሶ ሊያነሳሳ ይችላል፤ ከብዙ ወተት ጋር ሲሆን የደም ካልሲየምን ከፍ አድርጎ ኩላሊት ይጎዳል። አሉሚኒየም ሲበዛ የሰውነትን ፎስፌት ስለሚያሳጣ አጥንት ይደክማል። ማንም ሰው ያለ ሐኪም ከ2 ሳምንት በላይ በየቀኑ ባይቀጥል ነው የምንለው።

ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረና ከሸተተ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ካስመለሰዎት፣ የሚበሉትን ሳይቀንሱ ከከሱ፣ ምግብ ሲውጡ የሚያንቅዎት ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በቀጭን ካሜራ ማየት) ያስፈልግዎታል። የብረት ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ ቢሆንም መገመቱን ለሐኪም ይተዉት።

ከቸርችል ጎዳና፦ «አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፣ ስኳር አለባቸው። ባለፈው ሌሊት ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው፣ ላብ አጠመቃቸው። ሁለት ፍሬ አኘኩ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተሻላቸው። ቃር ነበር ማለት ነው?»

አይደለም፤ ቢያንስ እንደዚያ ብሎ መተው አይቻልም። ዛሬውኑ የልብ ምርመራ ያስደርጉላቸው፤ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሡ። የልብ ሕመምም መጥቶ ይተዋል፤ ክኒኑን አኝከው የተሻላቸው በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። የሚጨመድድ ወይም የሚጫን ሕመም፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ፣ ላብ ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሁሉ የልብ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው። ስኳር ያለባቸው ሰዎችና ሴቶች ደግሞ ሕመሙ እንኳ ሳይጎላ በማቅለሽለሽና በድካም ብቻ ሊመጣባቸው ይችላል። ከተደገመ ክኒን አይሞክሩ፤ ደረጃ እንዳይወጡና እንዳይወርዱ አድርገው ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ወይም ለከተማው እሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ይደውሉ።

ከተክለሃይማኖት፦ «የስድስት ዓመት ልጄ ሆዴን ሲለኝ ከእኔው ክኒን ግማሹን ብሰጠውስ? ክኒኑ የተቀመጠው ኩሽና ውስጥ ነው፤ ቀኑ አላለፈም፣ ግን ነጠብጣብ አውጥቷል።»

ለልጅ አይስጡ። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ሐኪም አንታሲድ አይወስድም። በዚህ ዕድሜ ሆድ ማመም ብዙ ጊዜ የትላትል፣ የድርቀት ወይም የኢንፌክሽን ነገር ነው፤ ከእምብርቱ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ የሚሄድ ሕመም ደግሞ ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል።

ነጠብጣብ ያወጣውን፣ የተፈረፈረውን ወይም የረጠበውን ይጣሉት፤ የማብቂያው ቀን የሚሠራው እሽጉ ሳይከፈት፣ በደረቅ ቦታ፣ ከ30 ዲግሪ በታች ከተቀመጠ ነው። የኩሽና እንፋሎት ያበላሸዋል። ጣዕሙ ከረሜላ ስለሚመስል ልጅ የማይደርስበት የመኝታ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ያድርጉት። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ፣ ብዙዎቹ የሚታኘኩ ክኒኖች ስኳር ስላለባቸው ያለ ስኳር የተሠራው እንዳለ ሲገዙ ይጠይቁ።